ጋሼ አጥፉትና የቀኙ ግድግዳ

መብራት አጥፊ የሌለበት ቤት የለም። አባት ሆኖ ካልመጣ አክስት ሆኖ ይመጣል፤ አክስት ሆኖ ካልመጣ አከራይ ሆኖ ይመጣል። ውኃ ልትጠጡ ከክፍል ብትወጡ፣ ጉሮሯችሁ ሳይርስ የማይታይ እጅ ሥራውን ይሠራል፤ ስትመለሱ ጨለማው እንደ አልጋ ልብስ ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል። «ኧረ አሁን መውጣቴ ነው!» ብትሉ መልሱ ከእናንተ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፦

«ታዲያ ማን ሊያይበት ነው?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የመለሰ ሰው አልተገኘም።

የዚህ ወገን ሁሉ አውራ፣ የማብሪያ ማጥፊያዎች የበላይ ጠባቂ፣ ክቡር የጨለማ ሚኒስትር ግን መንበራቸው ቤት ውስጥ አልነበረም። አንድ ሙዚየም ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሰው «ጋሼ አጥፉት» ይላቸዋል። የአጥንት መጋዘኑ ጠባቂ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ታች ሲሠሩ ፊታቸውን በደንብ አይቻለሁ የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ ድምፃቸውን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ከሁሉም አብልጣ የምታውቃቸው ወጌሻዋ ናት። ወጌሻ የሚሏት ስብራት ስለምትጠግን ነው፤ ልዩነቱ ታካሚዎቿ ከሞቱ ሃያ ሺህ ዓመት ያለፋቸው መሆኑ ነው። ዛሬ በምድር ላይ ዘራቸው የጠፋ፣ ዋሻ ውስጥ ገብተው ክረምቱን ሲተኙ የኖሩ ግዙፍ ድቦችን አጥንት በብሩሽ ታጸዳለች፣ በሙጫ ታያይዛለች። ታካሚ ሆኖ እንደነሱ የማያማርር የለም።

የመጀመሪያ ቀን ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ጋሼ ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር። ሃያ ሁለት ደረጃ፣ ከዚያ ረጅም ኮሪደር፣ በኮሪደሩ ጫፍ የመጋዘኑ በር። ኮሪደሩ መሐል አንዲት አምፖል ነበረች። ጋሼ ከሥሯ ሲደርሱ ድርግም አደረጓት።

«ጋሼ! መብራት ጠፋ!»

«አልጠፋም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ምነው?»

«እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ። አንቺ ደግሞ እኔን ትከተያለሽ። ታዲያ ማን ሊያይበት ነው?»

ወጌሻዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ጨለማን ሽንጧን ገትራ ተጋፍጣ አታውቅም።

«በግራ በኩል ያለውን ግድግዳ ተጠጊ» አሉ ጋሼ። «ትከሻሽን አስደግፊው፤ እሱ ራሱ ይወስድሻል። ወደ ቀኝ እንዳትሄጂ።»

«ስወጣስ?»

«ስትወጪም ያው ግድግዳ ነው። ሰው ሲመለስ ግድግዳ አይቀይርም። የቀኙ የሌሎች ነው።»

«የነማን?»

«እንዳንጋጭ ነዋ!» አሉ፣ መንገድ ስለ መሻገር የሚያስረዱ ይመስል። ኮቴያቸውም ወደ ፊት ቀጠለ።

*

የጋሼን ጀብዱ ቆጥሮ የሚጨርስ ካለ እሱ ራሱ ሙዚየም ይገባዋል።

ወጌሻዋ አንድ ቀን የተሰነጠቀ የራስ ቅል በሁለት እጇ ይዛ፣ ሙጫው እስኪይዝ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። ድርግም።

«ጋሼ! እኔ አለሁ እኮ!»

«ውይ፣ አለሽ እንዴ? ድምፅሽ ጠፋብኝ።»

«እየሠራሁ ነው!»

«በእጅሽ አይደል የምትሠሪው?»

በዚያ ቀን ከድቡ ጥርሶች አንዱ ከአውራ ጣቷ ጋር ተጣብቆ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ቤቷ ሄደ። ትንሿ ልጇ «እማዬ፣ ጣትሽ ጥርስ አበቀለ» ብላ አለቀሰች።

የሠራተኞች ክበብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለችውን አምፖል ጋሼ ነቅለው አወጧት። «ጋሼ፣ እሷ እኮ በሩ ሲዘጋ ራሷ ትጠፋለች» ቢሏቸው «ማን ገብቶ አየ?» አሉ። ዳይሬክተሩ አርባ እንግዳ ሰብስበው፣ ፎቶ በግድግዳ ላይ እያሳዩ ስለ ሙዚየሙ መጪ ዘመን ሲያስረዱ፣ ጋሼ ከኋላ ገብተው መሣሪያውን ነቀሉት፤ በጨለማው ውስጥ ማንም ሳያያቸው እንደገቡ ወጡ። ፀሐይ የተጋረደች ዕለት ደግሞ ከተማው ሁሉ ጥቁር መነጽር አድርጎ አደባባይ ሲወጣ፣ እሳቸውም ወጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ተማሪው ፈተና እንዳለፈለት መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። «አወቀች» አሉ፤ ተመልሰው ወረዱ።

የሚስቅ ይስቅ ነበር። ወጌሻዋ ግን መሳቅ የቻለችው ላይኛው ፎቅ ላይ ብቻ ነው። ታች ሌላ ነው።

ታች እሜቴ አሉ።

እሜቴ ከሁሉ ትልቋ ድብ ናት። ስሟን ያወጡት ጋሼ ናቸው፤ አንቱ እያሉም ነው የሚጠሯት። ዳይሬክተሩ «የዋሻው ንጉሥ» የሚል ጽሑፍ አሠርተውላት ነበር። ወጌሻዋ ክራንቻዎቿን ለክታ፣ ሴት መሆኗን አረጋግጣ፣ በትሕትና ብትነግራቸው «ጽሑፉ ታትሟል» አሏት። ስለዚህ ላይ ላዩን ንጉሥ ናት፣ ታች እሜቴ። አጥንቷ በሠላሳ አራት መሳቢያ ተከፋፍሎ ተኝቷል። አንድ ጎድኗ ተሰብሮ፣ ራሱ ገጥሞ፣ ጎብጦ ድኗል። አከርካሪዋ ላይ ሪህ አለ። የኋላ ጥርሶቿ ሣርና ሥር እያኘኩ ተበልተው አልቀዋል። ክረምት ሲገባ ዋሻዋ ገባች፣ ጥግ ይዛ ተኛች፤ ጸደይ መጣ፣ እሷ አልነቃችም። ይኸው ነው ታሪኳ። እንዲያ ያለ ሞት ላይ ምን ይለቀሳል? ጋሼ ግን በመሳቢያዎቿ አጠገብ ባለፉ ቁጥር ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉራሉ፦

«ሺህ ክረምት ለተኛ ጨለማ ነው ልብሱ፣
መብራት አታብሩበት ይረፍ በትራሱ።»

ዜማው የተለየ ነገር የለውም። ችግሩ፣ ግጥሙ ሲያልቅ ከጨለማው ውስጥ የሆነ ነገር በረጅሙ የሚተነፍስ መምሰሉ ነው። «ነፋስ ነው» ትላለች ወጌሻዋ ለራሷ። ምድር ቤቱ መስኮት የለውም።

*

አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሰባት አከርካሪ የተደረደረበት ሰሃን ይዛ ኮሪደሩን ታቋርጣለች። አምፖሏ እንደ ደንቡ ጠፍታለች። የግራ ትከሻዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ግድግዳው ይወስዳታል። ከፊት ለፊቷ የእግር ኮቴ ሰማች። ቀስ ያለ፣ የከበደ፣ እየጎተተ የሚያርፍ።

«ጋሼ?»

መልስ የለም። ኮቴው ቀረበ። ወጌሻዋ ሰሃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከግድግዳው ተጣበቀች። በቀኟ በኩል ሙቀት አለፈ፤ ዳቦ ቤት በር ላይ ስትቆሙ ፊታችሁን እንደሚገርፈው ያለ ሙቀት፤ ደግሞም ዝናብ የመታው የሱፍ ብርድ ልብስ ሽታ። የማለፉ ነገር ረዘመ። ሰው ሲያልፍ በአንድ ጊዜ ያልፋል፤ ይኼኛው ግን ማለፍ ጀምሮ፣ እያለፈ፣ ገና እያለፈ ነበር። ከወዲያኛው ግድግዳ ላይ ቆዳ በመስታወት ላይ ሲሻሽ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተጎተተ። ከዚያ ጸጥ።

«ወጌሻ!» የሚል ድምፅ ከሩቁ ከመጋዘኑ መጣ። «ምነው ቆምሽ?»

ጋሼ እዚያ ከነበሩ፣ ያለፈው ማነው?

አልጠየቀችም። መልሱን ሰምታ እዚያ ቤት ለመዋል አቅም አልነበራትም። ያነበበችውን ግን አስታወሰች። ድቦቹ በኖሩበት ዋሻ ውስጥ ብርሃን አልነበረም። መንገዱን የሚያውቁት ጎናቸውን ግድግዳው ላይ እያሻሹ ነበር፤ እናት ስታልፍ፣ ልጅ ስታልፍ፣ የልጅ ልጅ ስታልፍ፣ በሺህ ትውልድ ጠጉር የታሸ ድንጋይ እንደ መስታወት ለሰለሰ። ዛሬም ድረስ ያበራል አሉ። ድቦቹ የሉም፣ ያለፉበት ግን አለ።

በማግስቱ ማመልከቻ ጻፈች። «ለሠራተኞች ደኅንነት ሲባል የምድር ቤቱ ኮሪደርና መጋዘን ዘመናዊ መብራት እንዲገባለት በትሕትና እጠይቃለሁ።» ስለ ሙቀቱ አልጻፈችም። እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቅጽ የለም።

ዳይሬክተሩ ብርሃን ወዳድ ሰው ናቸው። ጫማቸው እንኳ ያበራል። ማመልከቻውን እንደ ደስታ ደብዳቤ ተቀበሉት። ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ መብራት ታዘዘ፤ ማንም የማያጠፋው፣ ጣት የማይደርስበት። በዚያውም ዳይሬክተሩ፣ መሣሪያ የተነቀለባቸውን ቀን ስላልረሱ፣ አንድ ነገር ጨመሩ፦ መብራቱ በሚመረቅበት ዕለት ጠባቂው ፈተና ይቀመጣል። በዝርዝር ከሚሰጠው አምስት ዕቃ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አውጥቶ ያስረክባል። ከቻለ ይቀጥላል፤ ካልቻለ ቁልፉን አስረክቦ ቤቱ ይገባል። ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት ተጽፎ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉት ለራሳቸው ለጋሼ ተሰጠ።

ጋሼም ለጠፉት። ገልብጠው።

ሙዚየሙ በአንድ እግሩ ቆመ። «ጋሼ አጥፉት አመፁ!» ተባለ። የበር ዘበኛው አጨበጨበ። ትኬት ቆራጯ ከመስኮቷ አንገቷን አውጥታ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው! ዳይሬክተሩን በአናታቸው አቆሟቸው!» አለች። ሰው ሁሉ አንገቱን ጠምዝዞ እያነበበ ሲስቅ፣ ጋሼ ሰሌዳው አጠገብ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ወጌሻዋ ስትደርስ ኮቴዋን ለይተው ጎንበስ አሉ።

«ወጌሻ፣ ምን ያስቃቸዋል? ጠመመብኝ እንዴ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን ብርሃን ዓይናቸውን አየች። ዓይናቸው እሷ ላይ አልነበረም፤ ከእሷ ትንሽ ወደ ግራ፣ ማንም የሌለበት ቦታ ላይ ነበር።

«አልጠመመም ጋሼ» አለች። «ቀጥ ብሏል።»

*

መጋዘኑ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ሁለት ሳጥን ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ምኑ?»

«ጋሼ!»

የሸሚዛቸው እጅጌ ጉልበታቸው ላይ ሲሻሽ ሰማች።

«ስምንት ዓመት። መጀመሪያ ጉም መሰለኝ፤ ይነሣል ብዬ ጠበቅኩት። ሐኪሙ ጋ ስሄድ ‹አሁን ነው የሚመጡት?› አለኝ። መብራት ሲሆን ይብሳል። ወተት ውስጥ እንደ መዘፈቅ ነው፤ ሁሉም ነጭ ይሆናል።»

«ከስምንት ዓመት በፊትም እኮ ያጠፉ ነበር ይላሉ።»

«እሱማ ለነሱ ነው» አሉ ወደ መሳቢያዎቹ አቅጣጫ። «እናቴ ፋብሪካ ውስጥ የማታ ተረኛ ነበረች፤ ቀን ነው የምትተኛው። አንድ ክፍል ነበርን። የተኛ ሰው ላይ መብራት አይበራም። በዚህ ነው ያደግሁት። እዚህ ስመጣ ደግሞ ሁሉም ተኝተዋል።»

ወጌሻዋ ሳጥኗን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

«ቤቴ ልጄ ሁሉን ታበራዋለች» ቀጠሉ። «እንዳልወድቅባት ብላ ነው፤ ደግ ልጅ ናት። በዚያ ሁሉ ብርሃን መሐል እጄን ይዛ መጸዳጃ ቤት ትወስደኛለች። እዚያ ዕውር ነኝ፣ ገባሽ? እዚህ ግን ማንም ከእኔ የተሻለ አያይም። አሁን ቁልፉን ከወሰዱብኝ የምገባው ወደዚያ ወተት ነው። ዕድሜ ልክ።»

«ጋሼ... መብራቱን የጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማመልከቻ ስትጽፊ እስክሪብቶሽ ይጮኻል።» ፈገግታቸው በድምፃቸው ውስጥ ተሰማ። «ፈርተሽ ነው። ነውር የለውም፤ እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ፈርቻለሁ። ሥራ ልለቅ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰላምታ ጀመርኩ። ሲያልፉ ‹ይለፉ እሜቴ› እላለሁ። መንገድ የለቀቁለት ማን ይቀየማል?»

ከመሳቢያዎቹ ጀርባ የሆነ ነገር በረጅሙ ተነፈሰ። ሁለቱም ሰሙት። ሁለቱም ነፋስ ነው አላሉም።

*

የመብራት ሠራተኛው ሁለት ቀን ሠራ፤ በሦስተኛው ቀን ሊሞክረው ብቻውን ኮሪደሩ ጫፍ፣ ደረጃው ሥር ቆመ። ሰው ሲያልፍ የሚበራው መብራት በወዲያኛው ጫፍ፣ በመጋዘኑ በር በኩል፣ ቦግ አለ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ሦስተኛው። አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ ወደ እሱ እየቀረቡ በሩ። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው አልነበረም። «አይጥ ናት» ብሎ ፈረመና ሄደ። መሰላሉን ግን ትቶ ነው የሄደው፤ እስከ ዛሬም አልወሰደውም።

የፈተናው ቀን ዳይሬክተሩ፣ ወጌሻዋና ጋሼ ብቻ ወረዱ። ደረጃውን ሲጨርሱ መብራቱ ሁሉ ተቀጣጠለ። ኮሪደሩ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ራቁቱን ታይቶ አያውቅም።

ወጌሻዋ መጀመሪያ ያየችው የግራውን ግድግዳ ነው። በጋሼ ትከሻ ልክ፣ እንደ መዳፍ የሰፋ መስመር ከደረጃው እስከ መጋዘኑ ተስቧል፤ የሠላሳ ዓመት ትከሻ ቀለሙን አልፎ ልስኑን አለስልሶት ያበራል። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረች።

የቀኙ ግድግዳ ላይም መስመር ነበር። ዝቅ ይላል፤ ከወገቧ በላይ ትንሽ ከፍ ያለ። ከጋሼ መስመር ሦስት እጥፍ ይሰፋል። የቆመች ሴት ቀይ ቀሚስ ውስጡ ይታያት ነበር፤ የራሷ ቀሚስ። እንደ መስታወት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«የዕቃ ጋሪ ነው» ብለው ለራሳቸው መለሱ። ወጌሻዋ ጋሪውን ታውቀዋለች። ከጉልበቷ በታች ነው። ጋሪ ደግሞ ይቧጭራል እንጂ አያለሰልስም።

ፈተናው ተጀመረ። ዳይሬክተሩ ከዝርዝራቸው አምስቱንም ዕቃ ጮክ ብለው አነበቡና፣ ከመጋዘኑ በር ውጭ፣ የቀኙን ግድግዳ ተደግፈው ሰዓታቸውን ተመለከቱ። «በሉ፣ አንደኛ፣ የትልቁ ድብ የግራ ብራኳ፣ የትከሻ አጥንቱ።»

ጋሼ በዚያ ሁሉ ነጭ ውስጥ ተራመዱ። እጃቸው ከፊታቸው ተዘርግቶ ነበር። ባዶ ሳጥን መታቸው። ሌላ መደርደሪያ ዳሰሱ፤ ተሳሳቱ፤ ተመለሱ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ ጌታዬ። ትንሽ... ብርሃኑ በዛ።»

ሁለት ደቂቃ። ሦስት። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሐዘን ፊታቸው ላይ መጣ፤ እስክሪብቷቸውን ግን ከኪሳቸው አወጡ። ወጌሻዋ አየቻት፣ ያቺን እስክሪብቶ። የራሷም ማመልከቻ በእንዲህ ያለች ነገር ነበር የተጻፈው።

የምድር ቤቱን ኤሌክትሪክ ከነምንጩ የሚቆርጠው ዋናው ማጥፊያ ግን የመጋዘኑ በር መቃን ላይ ነው፣ ቀይ እጀታ ያለው። ወጌሻዋ ዘላ ያዘችው። ያቺ ጨለማ ፈሪ፣ ያቺ በር ከፍታ የምትተኛ ሴት፣ በሁለት እጇ ቁልቁል ሳበችው።

ድርግም።

«ምን ሆነ? መብራት ሄደ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አልሄደም» አለች፤ ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ዝርዝሩ አምስት ዕቃ በአሥር ደቂቃ ነው የሚለው፤ በመብራት አይልም። ዕቃውን የሚያመጡት ጋሼ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ መንገዱን ያውቁታል። ታዲያ ማን ሊያይበት ነው?»

በጨለማው ውስጥ ጋሼ ትንፋሻቸውን ሲለቁት ተሰማ። ከዚያ መሳቢያዎች ማውራት ጀመሩ። ሽር፣ ሽር፣ ቀጭ። «የግራ ብራኳ። ጫፉ ላይ ሸንተረር አለው፤ ይዳስሱት።» ሽር፣ ቀጭ። «የፊት እግር ጥፍር፣ ሦስተኛው።» ሽር። «ተሰብሮ የዳነው ጎድን፤ ቀስ ብለው ይያዙልኝ፣ ያማታል።» በዳይሬክተሩ እጅ ላይ በጨለማ አጥንት በአጥንት ይደረደር ነበር። አራተኛው ሲደርስ ገና ስምንት ደቂቃ አልሞላም። ጋሼ ለአምስተኛው ወደ መጋዘኑ ውስጠኛ ጥግ ገቡ።

«ቀስ ይበሉ እንጂ ጋሼ» አሉ ዳይሬክተሩ። «ገፉኝ እኮ።»

«እኔ እዚህ ነኝ» አሉ ጋሼ፣ ከውስጠኛው ጥግ፣ ከሩቁ።

«እንግዲያው አንቺ ነሻ፣ ወጌሻ?»

«እኔ ማጥፊያው ጋ ነኝ።»

ዝናብ የመታው ሱፍ ሸተተ።

«ጌታዬ» አሉ ጋሼ በጣም በቀስታ። «በየትኛው ግድግዳ ነው የቆሙት?»

«በ... በቀኙ።»

«ውይ! መንገድ ላይ ቆመዋል እኮ! ወደ ግራ ይሻገሩ። ቀስ ብለው። ይቅርታ ይጠይቁ።»

ያ ጫማው የሚያበራ ሰው፣ አራት አጥንት ታቅፎ፣ በጨለማ ውስጥ «ይቅርታ» ሲል ተሰማ። «ይቅርታ... ይለፉ።» የሆነ ነገር በረጅሙ፣ ሳይቸኩል፣ አለፈ።

መብራቱ ሲበራ አምስተኛው ዕቃ፣ የእሜቴ የኋላ ጥርስ፣ ዳይሬክተሩ መዳፍ ላይ ነበር። ሰዓቱ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ ይላል። የኮታቸው የቀኝ እጅጌ ከትከሻ እስከ ክርን፣ አሁን ከካውያ እንደወጣ ልብስ ለስልሶ ያበራ ነበር። አላዩትም፤ ወይም ማየት አልፈለጉም። ዝርዝሩ ሥር በራሳቸው እጅ ጻፉ፦ «የምድር ቤቱ መብራት በጠባቂው ፈቃድ ብቻ ይበራል።» ፈርመው ሃያ ሁለቱን ደረጃ በስድስት እርምጃ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ምድር ቤቱን የሚጎበኙት በደብዳቤ ነው።

*

ጋሼ አጥፉት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠሩ። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ አንድ ቀን «ደክሞኛል» ብለው ተኙ፤ ክረምቱ ወጣ፣ እሳቸው አልነሡም።

ወጌሻዋ ለቅሶ ቤት ስትደርስ ልጃቸው ቤቱን እንደ ቀን አብርታዋለች። ሳሎኑ፣ ጓዳው፣ መተላለፊያው፣ ሁሉም ቦግ ብሏል። ወጌሻዋ መቀመጥ አልቻለችም። ተነሣችና አንድ በአንድ እየዞረች አጠፋቻቸው፤ ለቀስተኛው እስኪንጫጫ። አንዲት ሻማ ብቻ ቀረች። ልጅየዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ስትስቅ፣ ስትስቅ፣ ዕንባዋ በጣቶቿ መሐል ወረደ። «አባዬ የተመለሰ መሰለኝ» አለች።

አሁን የመጋዘኑ ቁልፍ ወጌሻዋ ዘንድ ነው። ቤቷ ባሏ ያማርራል። ልጇ ሽንት ቤት ገብታ «እማዬ፣ እኔ አለሁ እኮ!» እያለች ትጮኻለች። ከኮሪደሩ ግራ ግድግዳ ላይ፣ ከጋሼ መስመር በታች፣ አንድ ቀጭን አዲስ መስመር መለስለስ ጀምሯል፤ በሴት ትከሻ ልክ። ስትሄድም ታንጎራጉራለች፦

«በግራ ሂጂ ሲሉኝ በግራ ሄጃለሁ፣
በቀኝ ለሚመጣው መንገድ ትቻለሁ።»

ባለፈው ሳምንት፣ ቀትር ላይ፣ አንድ መንጋጋ እያያያዘች ነበር። ሙጫው እስኪይዝ፣ ለዓይኗ እንዲሆናት፣ ትንሿን የጠረጴዛ መብራት አብርታ ረስታታለች። ከኮሪደሩ በኩል ኮቴ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ የከበደ፣ እየጎተተ የሚያርፍ። «ይለፉ እሜቴ» አለች ቀና ሳትል። ከከባዱ ኮቴ ጎን ግን፣ በዚያው በቀኙ በኩል፣ ሌላ ቀለል ያለ ኮቴ ነበር፤ የሸሚዝ እጅጌም ግድግዳ ላይ ሲሻሽ ይሰማል።

ኮቴዎቹ በሯ ላይ ቆሙ።

የጠረጴዛዋ መብራት ድርግም አለ።

ወጌሻዋ በጨለማው ውስጥ፣ ሁለቱ እጆቿ በሙጫ መንጋጋው ላይ ተይዘው፣ ዕንባዋን የምትጠርግበት ጣት አጥታ፣ በሳቅ ፈነዳች።

«ጋሼ! እኔ አለሁ እኮ!»